እሳት የሞቀው አኮርዲዮን

ባለፈው ጥር ለዘመድ ልጅ ሰርግ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሄጄ ነበር። ሚኒባሱ ከሰል ከጫነ አይሱዙ ኋላ እያዘገመ፣ የሰው ልጅና የሰው ዶሮ ጉልበቴ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ምንም አደረሰኝ። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ለክብሬ ብለው ከድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጡኝ። አሮጊት አይሰማትም ብለው ይሆናል። ፀጉሩን ያንጨባረረ አንድ ልጅ ኪቦርድ ይጫወታል። አንዲት ቁልፍ ሲነካ ማሲንቆ ይሆናል፣ ሌላ ሲነካ ክራር ይሆናል። ወይ ጉድ እያልኩ ሳይ አንዷን ነካ አደረገና ያ የማውቀው ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። እጄን ከማዕዱ አነሳሁ።

ልጁ ለምሳ ሲነሳ እጁን ያዝኩት።

«አንተ፣ ቅድም ያሰማኸን ምን ነበር?»

«አኮርዲዮን ነው እማማ።»

እማማ ማለቱን ለሰርጉ ስል ማርኩት። «ወናፉስ የታለ?»

«የምን ወናፍ?»

«ትንፋሹ ነዋ! ሳይተነፍስ እንዴት ይዘፍናል?»

«በመብራት ነው እማማ። ድምፁን ከእውነተኛው ቀድተው እዚህ ውስጥ አስገብተውታል» አለና እየሳቀ ወደ ምግቡ ሄደ።

ልጁ ምን በደለ፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ትንፋሽ የሌለው አኮርዲዮን አይዋጥልኝም። የአኮርዲዮንን ሆድ ከፍቼ አይቻለሁ። በውስጡ ያሉትን ምላሶች አንድ በአንድ በከንፈሬ ይዤ ነፍቻለሁ። ይህን ያደረግሁት ሙዚቃ ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ወንድሜ እንዳይታሰርብኝ ብዬ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዳንግላ ውስጥ የምንኖረው ሦስት ነበርን፤ እማ፣ ታላቅ ወንድሜ ይኸነውና እኔ፣ ጥሩ የሚሉኝ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እማ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር ወዲያ ካለ ገጠር ተድራ የመጣች አገው ናት። አማርኛዋ ለገበያና ለእኛ ነበር፤ ሲከፋትና ደስ ሲላት ግን አፏ ሳታዘው ወደ አገውኛ ይሄዳል። በገበያ ቀን በርበሬና ጌሾ ትሸጣለች። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምላሴ ከእጄ ይፈጥናል እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ይኸነው ደግሞ ዝምተኛ ነው። የሚናገረው በዋሽንቱ ነበር።

ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም አንድ አሠልጣኝ ከሌላ ከተማ ቀይ አኮርዲዮን ይዞ መጣ። ያን የመሰለ ነገር አይተን አናውቅም። ጥርሱ እንደ ሙሽራ ጥርስ ነጭ ነው። ሲከፍቱት ይተነፍሳል፣ ሲዘጉት ይተነፍሳል። የቡድኑ ልጆች ተራ በተራ ሞከሩት። የይኸነው ጣት ግን እንደ ለመደ ሰው ሄደ። አሠልጣኙ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ አኮርዲዮኑ ለቀበሌው ቀረ። የቀበሌው ቢሮ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር፣ ሊቀመንበሩ ጓድ ሙሉነህ ለይኸነው በአደራ ሰጡት።

«ይህ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። ከዓይንህ ብሌን ለይተህ እንዳታየው» አሉት።

ይኸነው ደስ ብሎት መጣ። እማ ግን ያን ቀይ ነገር ስታየው ፊቷ ጠቆር አለ። «አደራ ከባድ ነው ልጄ» ብቻ አለች። ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያን ጊዜ አሻጥር የሚሉት ቃል ነበር። የመንግሥት ዕቃ ተሰበረ ከተባለ፣ ተሰበረ ብሎ የሚተው የለም፤ ማን ሰበረው፣ ማን ልኮት ነው ይባላል። በዚያው ዓመት አንድ የመጋዘን ጠባቂ ዝናብ ያበሰበሰውን እህል አንተ ነህ ያበሰበስከው ተብሎ ሲወሰድ እኛው በር ላይ ቆመን አይተናል። ስለዚህ አኮርዲዮኑ ቤታችን ሲገባ እንግዳ እንደመጣ ሁሉ ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

ከዚያ ክረምት ገባ። የዳንግላን ክረምት ቆሎ እየቆረጠሙ ከመስኮት የሚያዩት ሰዎች ያምራል ይሉታል። ቤት ውስጥ የሚኖርበት ሰው ነው የሚያውቀው። ጨው ውሃ ይሆናል፣ ክብሪት አልጫር ይላል፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ሻጋታ ይለብሳል። አኮርዲዮኑም ታመመ። አንዳንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ያቃስታል። ይኸነው አንድ ቀን ራት ላይ «ድምፁ ተዘጋ፤ እርጥበት ገብቶበታል። ለአብዮት በዓል እንዴት ልጫወትበት ነው?» አለ። እማ ሰማችው።

ነሐሴ ሲጋመስ እኔና ይኸነው አያታችንን በአረም ልናግዝ ወደ ግምጃ ቤት ሄድን። ቤቱ ለእማ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ በእኛ አገር ከበሮ በክረምት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይልላል፣ ድምፁ ዱብ ዱብ ማለቱን ትቶ እንደ እርጥብ ጆንያ ይሆናል። ያን ጊዜ እሳት ዳር ያስጠጉታል። ሞቅ ሲለው ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁም ይመለሳል። ለሰርግም ሆነ ለንግሥ ሁሌም እንዲህ ነው። ዘር የሚሆን በቆሎም ቢሆን፣ በርበሬም ቢሆን፣ እንዳይበላሽ የተፈለገ ነገር ሁሉ ከምድጃው በላይ በተንጠለጠለው የቀርከሃ ርብራብ ላይ ነው የሚቀመጠው። እማ ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገችም። የልጇ አኮርዲዮን ድምፁ ተዘግቷል፤ ስለዚህ እንደ ከበሮ እሳት ይሙቅ አለች። በነጠላ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው፤ እሳቱንም እኛ እስክንመለስ አላጠፋችም።

የተመለስነው ጳጉሜን ገብታ ነው። እሸት በቆሎ ተሸክመን፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን ስንገባ እማ ፈገግ ብላ ጠበቀችን። እግራችንን ሳንታጠብ አኮርዲዮኑን አወረደችና ለይኸነው ሰጠችው።

«እንካ ልጄ፣ አድርቄልሃለሁ። አሁን እንደ ልብህ ይዘፍንልሃል።»

ይኸነው ተቀበላት። ገና ሲያነሳው ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ዘር እንዳለበት ደረቅ ቅል ኳኳ አለ። ወናፉን ዘረጋው፤ ፉፉፉ የሚል ነፋስ ወጣ። የቀኝ እጅ ቁልፎችን ከላይ እስከ ታች ተጫናቸው። ከላይ ጥቂቶቹ ብቻ ጮኹ፤ የቀሩት ነፋስ ብቻ ሆኑ። የማር ሽታ ሸተተኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

እማ የሁለታችንንም ፊት አየች። «ምነው?» አለች። ይኸነው አኮርዲዮኑን ነቀነቀላት፤ ኳኳ አለ። ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር አለችና ምድጃው ዳር ቁጭ አለች። አመድ የመሰለ ፊቷ እስካሁን አይረሳኝም።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በቆሎውን ገና ሳንልጥ የቀበሌው ጥበቃ ከደጅ ተጣራ። ጓድ ሊቀመንበር ነገ ጠዋት አኮርዲዮኑን ሊወስዱ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ለበዓሉ ልምምድ ስለሚጀመር ይኸነውም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ አለ። እሺ አልነው። ምን እንላለን?

ሰውዬው ሲሄድ ይኸነው «ወደ መተከል እወርዳለሁ» አለ። «ሌሊቱን ተጉዤ ቆላ እገባለሁ።»

«አንተ ቆላ ስትገባ እማን ማን ይጠይቃል?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጥሩ? ምን ብዬ ልንገራቸው? እናቴ ጠበሰችው ልበል?»

«ክፈተውና እንየው።»

«ምን?»

«ሆዱን ክፈተው። የወደቀው ነገር እኮ ከውስጡ አልወጣም። እዚያው ነው ያለው።»

ይኸነው እብድ እንዳየ ሰው አየኝ። የመንግሥት ዕቃ ከመሰበሩ በላይ መከፈቱ አስፈራው። ግን ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በሩ አጠገብ ብርሃኑ ደህና ነው። ቁርበት ዘረጋንና በላዩ ነጠላ አነጠፍን። ወናፉን ከጣውላው ጋር የያዙትን ትናንሽ ምስማሮች በጉጠት ነቀልናቸው። አኮርዲዮኑ ለሁለት ሲከፈል ሽታው ግልፅ ሆነ። የማር ሰም ነበር።

እንዲህ ነው ነገሩ። በውስጡ ረዣዥም የእንጨት ድጋፎች አሉ፤ በላያቸው እንደ ንብ ቤት ዓይን ዓይን የሆነ ጉድጓድ ተደርድሯል። በየዓይኑ ላይ ጣት የምታህል ዝርግ ብረት ተለጥፋለች። የለጠፋት ሰም ነው። ፈረንጅም ቢሆን ከሰም የተሻለ አላገኘም። እማ ያነደደችው እሳት ሰሙን አቅልጦት ብረቶቹ እንደ በሰለ ፍሬ ረግፈው ተከምረዋል። ይኸነው ክምሩን አየና እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

እኔ አንዷን አነሳሁ። መሐሏ እንደ ጠባብ መስኮት ተሰንጥቋል። በመስኮቱ ላይ ቀጭን የብረት ምላስ ተጋድሟል። አንዱ ጫፉ ተቸንክሯል፤ ሌላው ጫፉ ለቀቅ ብሎ ነፃ ነው። በጀርባዋ ደግሞ ሌላ እንዲሁ ያለ መስኮት ከነምላሱ አለ። በጥፍሬ ምላሱን ነካ አደረግሁት። ጢን አለች፤ ትንኝ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ይህች ናት የዳንግላን ሜዳ የምታስጮኸው? ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ከንፈሬ ላይ አደረግሁና እፍ አልኩባት።

ብረቷ እሪ አለች። እማ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«አልሞተም!» አልኩ። «ይኸነው፣ አልሞተም! ስማው!»

ኋላ አስተማሪ ሆኜ ፊዚክስ ሳስተምር ነገሩ በደንብ ገባኝ፤ በዚያ ቀን ግን በከንፈሬ ነው የተማርኩት። ትንፋሽ በመስኮቱ ሊያልፍ ሲገፋ ምላሱን ይዞት ይገባል። ምላሱ ደግሞ እንደተጎነበሰ ቀርከሃ ነው፤ አልገዛም ብሎ ይመለሳል። ሲመለስ እንደገና ይገፋዋል፣ እንደገና ይመለሳል። መስኮቱ በቅጽበት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ነፋሱ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይወጣል፤ ያ የተቆራረጠ ነፋስ ነው ጆሯችን ውስጥ ዜማ የሚሆነው። ምላሱ ብቻውን ጢን ነው፤ ነፋሱም ብቻውን ፉፉ ነው። በዋሽንት የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው የቀዳዳው ቦታና የሸምበቆው ርዝመት ነው። በዚህኛው ግን ምላሷ ራሷ ናት። ረጅሟ ትወፍራለች፣ አጭሯ ትቀጥናለች። ጠንክረው ቢነፏት ትጮኻለች እንጂ ዜማዋን አትለውጥም። ግትር ናት፤ እኔን ትመስላለች።

ይኸነውም አንዷን አነሳና ነፋ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሳበ። ያው ድምፅ ወጣ። «አየሽ» አለኝ፣ «ስነፋ ይህኛዋ ምላስ ናት፤ ስስብ የጀርባዋ ናት። ለዚህ ነው ወናፉ ሲከፈትም ሲዘጋም አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጠው።» ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ደም አየሁ። ዝምተኛው ወንድሜ ማውራት ጀመረ።

ማታው እስኪደርስ ሥራችን መለየት ሆነ። ብረቶቹን በርዝመታቸው ከትልቅ ወደ ትንሽ ነጠላው ላይ ደረደርን። የሚቀራረቡትን ዓይን ስለማይለያቸው እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። «ይህች ከዚያች ትቀድማለች። አይ፣ መልሻት። እንደገና ንፊያት።» ከንፈሬ የዛገ ብረት ቀመሰ፤ ኋላ ደነዘዘ። ጎረቤት እንዳይሰማ እማ ደጁ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚ ትጠብቃለች። ሰው ሲመጣ በቆሎ የምትልጥ መስላ ለምልክት ትስላለች። እኛ ብረቱን ነጠላ ውስጥ እንሸጉጣለን። አንድ ጊዜ የጎረቤት በግ ሲያልፍም ሳለች። ያን ጊዜ ይኸነው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። እማ ግን አልሳቀችም።

ከመሸ በኋላ ኩራዝ ለኩሰን ልንቀጥል ስንል እማ ከለከለችን።

«ደግሞ እሳት ልታስጠጉበት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተኙ፤ ሲነጋ በዓይናችሁ ትሠራላችሁ።»

አሁንስ በምን ሰም ነው የምንለጥፈው ብለን ስንጨነቅ ማምሸታችንን ሳታውቅ አልቀረችም። ጎህ ሲቀድ ስንነሳ ጣሳ ውስጥ ሰም አዘጋጅታ ጠበቀችን። ንጹሕ፣ ቢጫ ሰም ነው። የት እንዳገኘችው አወቅሁ። ለቅዱስ ሚካኤል ተስላ፣ ጧፍ ልታደርገው በጨርቅ ቋጥራ ያስቀመጠችው ነው።

«እማ፣ የስለት ሰም አይደል እንዴ?» አልኳት።

«ሚካኤል ልጅ አላሳደገም ብለሽ ነው?» አለችኝ። እሱማ መልአክ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ጣሳውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣ ሰሙን ቀስ ብላ አቀለጠችው። አኮርዲዮኑ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ሰም ለቅመን ጨመርንበት። ይኸነው እያንዳንዷን ብረት በዓይኗ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔ በማንኪያ ጫፍ ዙሪያዋን ሰም አጠጣታለሁ። ምላሷ የመስኮቱን ግድግዳ ከነካች ትታፈናለች፤ ስለዚህ ትንፋሽ ይዘን ነው የምንሠራው። ደጅ ጋሪዎች መንቀሳቀስ ጀምረዋል። የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሊቀመንበሩ መጡ እያልኩ ማንኪያውን ጣሳው ውስጥ እከታለሁ።

ሰሙ ሲጠና ሁለቱን ግማሾች ገጥመን፣ ምስማሮቹን ለጊዜው በጣት ሰክተን፣ ይኸነው ትከሻው ላይ አደረገው። ተጫነ። ጮኸ! ቀጠለ፤ ጮኸ። እማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ይኸነው መሐል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። መልሶ ተጫናት። ያቺ ድምፅ መውጣትስ ወጥታለች፤ ግን ወርዳለች። ከጎረቤቷ በታች ሆና እንደ ታመመ ጥጃ ታቃስታለች። ደግሞ የትኛዋ እንደሆነች ታውቃላችሁ? ዜማ ሁሉ የሚያልፍባት የመሐሏ ናት።

«በቃ» አለ ይኸነው። አኮርዲዮኑን አወረደው። «እሳቱ ብረቷን ለውጧታል። አለቀ ጥሩ። ለፋን፤ አልሆነም።»

ለቅሶዬ መጣ። ግን ለቅሶና ግትርነት አብረው ነው የተሰጡኝ። ምስማሮቹን ነቅዬ እንጨቱን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ፀሐይ ከደመና ወጥታ ነበር። ያቺን ምላስ በብርሃኑ ላይ ዘቅዝቄ አየኋት፣ አቅንቼ አየኋት። ነፃ ጫፏ ላይ የሆነ ነገር አብለጨለጨ። የጤፍ ፍሬ የማታህል የሰም ነጠብጣብ። እኔው ሳጠጣት ያንጠባጠብኳት ትሁን ወይም በእሳቱ ጊዜ የወረደች፣ እግዜር ይወቅ።

የእማን የስፌት ወስፌ አነሳሁና ቀስ ብዬ ፈነቀልኳት። በረረች። አልጠበቅሁም፤ እዚያው እንጨቱ ላይ እንዳለች አፌን ገጥሜ ነፋኋት። ድምፁ ብድግ ብሎ ቦታው ላይ ቆመ።

«እንዴ!» አለ ይኸነው። «ምን አደረግሻት?»

«ሸክሟን አወረድኩላት።»

ሌላ ምንም አልነበረም። ጫፏ ላይ ክብደት የተጫነባት ምላስ ስትመላለስ ትዘገያለች፤ ስትዘገይ ድምፁ ይወፍራል። ክብደቱ ሲነሳላት ትፈጥናለች፣ ድምፁም ይቀጥናል። የጤፍ ፍሬ የማታህል ሰም የወንድሜን ዕድሜ ልትበላ ነበር ስል ዛሬም ይዘገንነኛል።

የመጨረሻውን ምስማር ይኸነው በመጫሚያው ተረከዝ ሲመታ ጓድ ሙሉነህ ከበሩ ደረሱ። ትልቅ ካፖርት ለብሰዋል፤ ጭቃው ካፖርታቸው ጫፍ ድረስ ወጥቷል። እማ ጣሳውን በጀርባዋ ሸሸገች። እኔ ነጠላውን አነሳሁ። ሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቤቱን ዙሪያውን ቃኙ።

«ዕቃው ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው ጓድ» አለ ይኸነው። ድምፁ ከአኮርዲዮኑ ይልቅ ያሳዝን ነበር።

«እስቲ አሰማኝ።»

ተጫወተ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር። ከዚያ ዜማው ያዘው። ያቺ የመሐሏ ድምፅ በመጣች ቁጥር እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እሷ ግን ጥርት ብላ ታልፋለች። ሲጨርስ ሊቀመንበሩ ወደ አኮርዲዮኑ ጎንበስ አሉ።

«ስማ» አሉ፣ «ይህ ነገር ሐምሌ ላይ ያቃስት አልነበር እንዴ? ምን አድርገህ ነው እንዲህ የጠራው?»

ይኸነው ወደ እኔ ዞረ። እኔ፣ ምላሴ ከእጄ የሚፈጥነው፣ አንድ ቃል አጣሁ። የመለሰችው እማ ናት።

«እሳት ሞቆ ነው ጌታው» አለች ረጋ ብላ። «እንደ ከበሮ ትንሽ እሳት አሞቅነው።»

ይኸነው ወደቀ ብዬ ነበር። ሊቀመንበሩ እማን አዩ፣ አኮርዲዮኑን አዩ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «ወይ የአገሬ ሰው! ለካ ለሁሉም መድኃኒት አላችሁ። እንግዲያው በዓሉ ሲያልፍ ወደዚሁ ይመለስ። ክረምት በመጣ ቁጥር እዚሁ ይሙቅ።» ተነሱ፤ ይኸነው እንዲከተላቸው ነግረው አኮርዲዮኑን ራሳቸው ይዘው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ ሦስታችንም ባለንበት ቀረን። መጀመሪያ የሳቀው ይኸነው ነው። «እሳት ሞቆ ነው ጌታው!» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ሳቅኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ የሚሉት ያን ጊዜ ገባኝ። እማ ግን አልጋው ሥር አጎንብሳ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ጎትታ አወጣች።

«በሉ፣ ይኸን በጥብጡና ብሉ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሳችሁም» አለች።

ቋጠሮውን ስፈታው በሶ ነው። ብዙ በሶ። በላዩ የጨው ቁራሽ፣ የታጠበ ቀሚሷና አሮጌው ጋቢዋ አለ። ያን ሁሉ ገብስ በዚያች ሌሊት መቼ ቆልታ መቼ እንደፈጨችው አላወቅንም። ይኸነው ቀሚሱን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው እማ?»

«ስንቅ ነዋ።»

«የማን ስንቅ?»

«የኔ። አልሆነልንም ካላችሁኝ ቀድሜ ቀበሌ ልሄድ ነበር። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ልጄ አገሩ ውስጥ አልነበረም ልላቸው። እውነትም እኮ እኔ ነኝ።»

«ይህ ሁሉ በሶ ለስንት ጊዜ ነው ታዲያ?»

እማ ጋቢውን አጠፍ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰች። «እኔ ምን አውቄ ልጄ» አለችው። «አንተን እስኪረሱህ ነዋ።»

ይኸነው አንገቷ ላይ ተጠመጠመና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሊቀመንበሩን መከተሉንም ረሳ፤ ገፍታ ያስወጣችው እሷ ናት። በሶውን እኔና እሷ በጥብጠን ጠጣነው። ይኸነውም ማታ ሲመለስ ድርሻውን ጠጣ። ለሳምንታት በላነው። ኋላ ኋላ ሰለቸን፤ እማ ግን አንዲት ጭብጥ አልጣለችም።

አሁን ይኸነው ጥሊሊ ነው የሚኖረው። እህል ይነግዳል፤ የልጅ ልጆች አሉት፤ አሁንም ዝምተኛ ነው። ስልክ ስደውልለት ኔትወርኩ ይሁን እሱ ዝም ያለው አይለይም። የዚያ ዘመን ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የተወሰደበትን ይቆጥራል፤ ወንድም፣ ልጅ፣ ባል። እኔ አጠገባቸው ስቀመጥ አፍራለሁ። የኔ ታሪክ የመትረፍ ታሪክ ነው፤ ለመትረፍ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም፤ እና ለማን አወራዋለሁ? ለዚህ ይሆናል ሰርጉ ላይ ኪቦርድ ለሚጫወተው ልጅ ልነግረው የተቁነጠነጥኩት። ለነገሩ ተመስገን ማለት ማንን ገደለ። እማ ወደ ቀበሌ አልሄደችም። ያን ክረምት ቤቷ ውስጥ ጨረሰች፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ብዙ ክረምቶችን እዚያው፣ ስንቆጣትና ስትቆጣን፣ አሳለፈች። ስትሞትም በገዛ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ እጇን የያዘው ይኸነው ነው።